ማንኮራፋቱ ሲቆም

አባቴ ሲያንኮራፋ የአገራችን የግራና ጅብ ሁሉ መንገድ ይቀይራል እያልን እንስቅበት ነበር። በመሃል ድንገት ጸጥ ሲል እናቴ «ተመስገን፣ አሁን ደህና እንቅልፍ ወሰዳቸው» ትላለች፤ እኛም እፎይ እንላለን። ለካ ያ ጸጥታ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ነው። ስንት ዓመት በዚያ ስንደሰት እንደኖርን ሳስበው አሁንም በራሴ እናደዳለሁ።

ይህን የነገረኝ ወልድያ ያለ ሐኪም ነው። የአባቴ ሳንባ ድሮም የታመመ ነበር፤ አምና ደግሞ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ለሕክምና ይመቸው ብዬ ከገጠር አውጥቼ ወልድያ እኔ ቤት አመጣሁት። ሐኪሙ መርምሮት «ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸው ይቆማል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ፣ እኛ ጋ ግን የለም። ለጊዜው በጎናቸው ያስተኟቸው» አለኝ።

አባቴ ግን ጋቢውን እስከ አናቱ ካልተከናነበ ተኛሁ የማይል ሰው ነው። ከምሳ በኋላ በጎኑ አስተኝቼው ጀርባውን በትራስ ደግፌ ፊቱን እገልጣለሁ።

«አባዬ፣ እንዲህ ይሁኑልኝ።»

«እሺ» ይለኛል። ጥቂት ቆይቶ በደህናው እጁ ጋቢውን ይስብና በጀርባው ይንጋለላል። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ ጋቢው ብቻ ነው። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይቆማል። አላስችል ሲለኝ ትከሻውን እነቀንቃለሁ፤ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይነቃል።

ከመርሳ ልትጠይቀው የመጣች እህቱ ይህን አይታ ተቆጣችኝ። «የደከመ ሰው ይቀሰቀሳል? ግፍ ፍሪ እንጂ።» ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ ግን የምታየው እንጀራ እንደጎረሰ የሚያንቀላፋ ወንድሟን ነው። እንቅልፍ የነሳሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሦስት ጊዜ ቀሰቀስኩት። በአራተኛው ዓይኑን ገልጦ ትንሽ አየኝ። ከታመመ ወዲህ ንግግር ስለሚከብደው ቃል ይቆጥባል።

«ልጄ፣ እባክሽ» አለኝ። «አንድ ቀን ልተኛበት።»

እሺ አልኩት። ጋቢውንም ራሴ አለበስኩት። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ቆመ። ቃል ገብቼለታለሁ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ፈራሁና ቀሰቀስኩት። አየር ስቦ ነቃ። ጋቢውን ስገልጥ ዕንባው በጎን ወደ ጆሮው እየወረደ ነበር።