ሳልጣራ የከፈትኩት በር

አያቴ የገዛ ቤታቸውን እንኳ ሳይጣሩ አይገቡም ነበር። ደጅ ቆመው «ቤቶች» ሲሉ እኔ «የለንም አባባ፣ ነገ ይምጡ» እላለሁ። «ታዲያ የምታወራኝ ሌባ ናት?» ይሉና እየሳቁ ይገባሉ።

በጦርነቱ ጊዜ ሁላችንም ከከተማችን ከመርሳ ስንሸሽ እሳቸው ቀሩ። ስንመለስ ክፍላቸውን ሳልጣራ ከፈትኩት፤ ራሳቸውን አጥፍተው አገኘኋቸው።

አሁን የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እንኳ ሳልጣራ መክፈት አልችልም። ልጆቹ «ሙት ጠሪዋ መጣች» ይሉኛል።

እናቴ «ጥይት ነው በዪ፣ አለዚያ ዱዓ የሚያደርግላቸው አይገኝም» ስላለችኝ እንደዚያው እላለሁ። ሰዎቹ «ሸሂድ ናቸው፣ ጀነት ገብተዋል፣ ታድለሽ» ሲሉኝም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።

ዘንድሮ ግን መጻፍ ሆኖልኛል። ስማቸውን ትቼ እውነቱን ጻፍኩት፤ ይህን እያወቃችሁ ዱዓ አድርጉላቸው።