ዝም ያለች አይጥ

አሜሪካ፣ ሮክቪል አንድ የምርምር ላብ ውስጥ ስሠራ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉትን አይጦች የምከታተለው እኔ ነበርኩ። የሕመም ማስታገሻው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ደግሜ መውጋት ነበረብኝ። ጥጓን ይዛ፣ ኩምትር ብላ ዝም ያለች አይጥ ሳይ ግን "ይቺስ ደህና ናት" እላለሁ። ወረቀቱ ላይ "ኖርማል" ብዬ እሞላና መርፌውን ትቼ ወደ ቤቴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እነዳለሁ። እኛ ቤት ያላቃሰተ ሰው አልታመመም።

በኋላ አንዴ ከተወጋ ሁለት ሦስት ቀን የሚቆይ ማስታገሻ መጣ። የመጀመሪያዋን ወግቻት በማግስቱ ኬጇን ስከፍት፣ የሰጠኋትን ጥጥ በጥርሷ ቦጫጭቃ ጎጆዋን ሠርታ ጠበቀችኝ። በኦፕራሲዮን ማግስት ጎጆ የሠራች አይጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ እነዚያ "ኖርማል" ያልኳቸው ሁሉ ከሕመሙ የተነሳ መነቃነቅ አቅቷቸው ነው።

ኬጁን ሳልዘጋ እናቴ ትዝ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ስትደረግ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ነርሷ ሕመሟ ከአስር ስንት እንደሆነ ስትጠይቃት፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች "ተመስገን ነው" አለች።

እኔም "ዜሮ" ብዬ ተረጎምኩ።