በየስንዝሩ የበቀለችው ነጥብ

ሚስጥር እንድርያስ የራሷን ካሜራ ስትገዛ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ዊንጌት አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ፣ በኮምፒውተር የሰው ፊት ላይ ያለ ብጉር ስታጠፋና የተጣመመ ኮሌታ ስታቃና ነው የኖረችው። የምትሠራበት ካሜራ የፎቶ ቤቱ ስለነበር ሥራ ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። እሷ ደግሞ አንድ ነገር በሐሳቧ ከያዘች ቆይታለች፤ ያን ነገር ለመሥራት የራሷ ካሜራ፣ ያውም ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ዓይነት ያስፈልጋታል።

ያገኘችው ከአሽረፍ ነው። አሽረፍ አዲሱ ገበያ ስቱዲዮ ያለው የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ቀላል ካሜራዎች ሲመጡ እሱም እንደ ሌላው ወደነሱ ዞረና የድሮውን ለሚስጥር ለቀቀላት። ካሜራው ከባድ ነው። የቀኝ እጅ መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተልጦ በማጣበቂያ ተመልሷል፤ ከላይ ያሉት ጽሑፎች በጣት ብዛት ደብዝዘዋል። አሽረፍ ሲያስረክባት ሠርግ ልትጀምር እንደሆነ ጠየቃት።

«ሠርግ አልፈልግም፤ ክር ልቆጥርበት ነው» አለችው።

አሽረፍ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

የሚስጥር ቤት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቷ አቶ እንድርያስ ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ሸማ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ጥለት ሲጥሉ ከማንም ወረቀት አያዩም፤ የት ላይ ስንት ክር ተነሥቶ ስንት እንደሚታለፍ ሁሉም ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ግን ከሽመናው ጉድጓድ ወጥተው በር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። የዕድሜ እኩዮቻቸውም እንዲሁ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ሚስጥርን ያሳሰባት ይሄ ነበር። ሰውዬው ሲወጣ ጥለቱም አብሮት ይወጣል። በስልክ ለማንሳት ሞክራ ነበር፤ ፎቶው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ አተልቀው ክሩን ሊቆጥሩ ሲሉ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይለወስና ጭቃ ይመስላል። ከአሽረፍ በገዛችው ካሜራ ስታነሳ ግን እያንዳንዱ ክር ብቻውን ቆሞ ይታያል።

ለካሜራው የሚያስፈልገውን ቀስ በቀስ አሟላች። መጀመሪያ በቅርብ የሚያነሳ ሌንስ፣ ቀጥሎ ካሜራውን ወደ መሬት አዘቅዝቆ የሚይዝ ክንድ ያለው ስታንድ፣ ከዚያ እጇ እንዳያንቀጠቅጠው ከሩቅ የምትጫንበት ሽቦ። አብሮት የመጣው ማንገቻ አንገቷን ሲልጣት ያዩት አባቷ፣ በዳሰሳ ሰፊ የጥጥ ማንገቻ ሠሩላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሽሮ ሜዳና ከቀጨኔ ቤቶች ወደ አርባ የሚሆን ጥለት አንስታ አስቀመጠች።

ከሁሉም የምትሳሳለት የእናቷ የሠርግ ነጠላ ነበር። አቶ እንድርያስ ለሙሽራቸው ብለው አንድ ጊዜ ብቻ የጣሉት ጥለት ነው። እናቷ ከሞቱ በኋላ ነጠላው ከሣጥን እምብዛም አይወጣም፤ በታጠፈበት በኩል ጨርቁ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ሔለን የምትባል የቀጨኔ ልጅ ለጥቅምት ሠርጓ ቀሚስ ለማሠራት ስትመጣ ሚስጥር ያንን ነጠላ አውጥታ ብታሳያት ሌላ ጥለት አልፈልግም አለች። ነጠላውን ሸማኔው አጠገብ ሰቅሎ እያዩ መሥራት አይቻልም፤ የሳሳው ጨርቅ ወር ሙሉ መሰቀልን አይችልም። ስለዚህ ሚስጥር ጥለቱን በስድስት ከፍላ፣ እያንዳንዱን አንድ ስንዝር ስንዝር አድርጋ አነሳችው፤ በትልቁ አሳትማም ተራ በተራ አጣብቃ ለጉታ ሰጠችው። ጉታ ሙያውን ከአቶ እንድርያስ የተማረ ጎረቤታቸው ነው፤ ዛሬ በሰፈሩ እሱን የሚያህል እጅ የለም። ወረቀቱን ፊት ለፊቱ ሰቅሎ ክር በክር እየቆጠረ ወር ሙሉ ሠራ።

ሐምሌ ላይ ጨርቁ ሲያልቅ ጉታ ራሱ ይዞት መጣና በአቶ እንድርያስ ጭን ላይ ዘረጋው። ሽማግሌው በጣታቸው ከዳር ጀምረው ቀስ እያሉ ዳሰሱ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ድንገት ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ዳሰሱ፣ አንድ ስንዝር አልፈው እንደገና ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«የቷ ጋሼ?»

«እዚህ ጋ ነጥብ አለ። እኔ እዚህ ጋ ነጥብ አልጣልኩም።»

ጉታ ግራ ገባው። ፎቶው ላይ እንዳለ፣ በየስንዝሩ በነጩ ላይ ግራጫ ነጥብ እንዳለችና እሱም በግራጫ ክር እንደጣላት አስረዳ። እንዲያውም የጋሼ የራሳቸው ምልክት መስላው ተጠንቅቆ ነበር የሠራት። ሚስጥር ነጠላውን ከሣጥን አውጥታ መስኮት ላይ ዘርግታ አየች። ነጥብ የለም። ወረቀቱን አየች። አለ፤ በስድስቱም ፎቶ፣ በአንድ ቦታ ላይ።

ያኔ ገባት። ካሜራውን ይዛ ግቢ ወጣችና የሐምሌን ሰማይ አነሳች፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ደመና ነበር። ፎቶውን አተልቃ ስታይ ሰባት ነጥብ ቆጠረች። አንዷ ትልቅ ናት፤ ጉታ በክር የሠራት እሷን ነው። ካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ላይ ብናኝ ተቀምጦበታል። ብናኙ ከየት እንደገባም አውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌንስ ስትቀያይር የኖረችው አባቷ ቤት፣ ከሽመናው አጠገብ፣ የጥጥ ብናኝ በአየር ላይ በሚንሳፈፍበት ቦታ ነው።

«ጉታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አንተ ያየኸውን ነው የሠራኸው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ።»

ጉታ ጨርቁን አጥፎ ያዘና የወር ሥራ እንደሆነ ብቻ ተናግሮ ሄደ። ሚስጥር ከስድብ ይልቅ ይሄ አቃጠላት።

በማግስቱ አሽረፍ ጋ ሄደች። አሽረፍ ፎቶዎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሴንሰር መንካት ቀልድ እንዳልሆነ ነገራት፤ አንድ የሚያውቀው ሰው በሸሚዙ ጠርጎ ካሜራውን እስከ መጨረሻው ገድሎታል። እሱ ቢሆን ሸጦት እንደ ሰው ወደ አዲሶቹ እንደሚዞርም ጨመረላት።

«ለምን ይሄን አሮጌ ትሸከሚያለሽ?»

«ክሩን ያሳየኛላ። አዲስ ብገዛም ብናኙ ያው ነው። መጥረግ ካልቻልኩ የትኛውም አይሆነኝም።»

አሽረፍ፣ እንግዲያው እኔ ጋ ጥረጊው አላት። የስቱዲዮው ጓዳ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ብናኝ አያስነሳም። ሚስጥር ግን ወዲያው አልነካችውም። ለካሜራዋ ሴንሰር ልክ የሆነውን ጠፍጣፋ መጥረጊያና ፈሳሹን ከውጭ በሚመጣ ሰው አስልካ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። በሦስቱ ሳምንት የካሜራውን መመሪያ ደጋግማ አነበበች፤ መጥረጊያውን ስትጎትት እጇ እንዳይከብድ በመስታወት ቁራጭ ላይ ተለማመደች። የሚያስፈራው ካሜራው ውስጥ ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ነው። ለመጥረግ ሲባል ወደ ላይ ተነሥቶ ይቆያል፤ መሀል ላይ ባትሪ ካለቀ ግን እጅ እያለበት ዝቅ ይላል። የሷ ባትሪ ደግሞ ሙሉ ነኝ ብሎ ድንገት የሚጠፋ ዓይነት ነው። አሽረፍ ጥሩውን የራሱን ባትሪ አዋሳት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ወለሉን በውኃ ረጭታ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ታጥባ ገባች። አሽረፍ በር ላይ ቆመ። በመጀመሪያ በጎማ መንፊያ አየር ሰጠችው። ቀጥላ መጥረጊያውን በሁለት ጠብታ አርጥባ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ጎተተችና ጣለችው። ሰማዩን አንስታ ስታይ ስድስቱ ነጥቦች ጠፍተዋል፤ ትልቋ ግን አለች፣ ከጎኗም የፈሳሹ ጭረት ተጨምሯል። አሽረፍ ይበቃል፣ እንዳታበላሺው አላት። ሚስጥር አዲስ መጥረጊያ ከማሸጊያው አወጣች። በሁለተኛው ጭረቱ ጠፋ። በሦስተኛው ነጥቧ ጠፋች። ለአሽረፍ ባትሪውን መለሰችለት።

የእናቷን ነጠላ እንደገና አንስታ ለጉታ አዲስ ወረቀት አሳተመችና ወደ ሔለን ሄደች። የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ቀሚሱ ለሠርጓ እንደሚደርስም ቃል ገባች። ሔለን ጥቂት ከፍቷት ነበር፤ ግን እጠብቃለሁ አለች። ጉታ እንደገና ድር ሲዘረጋ ሚስጥር አጠገቡ ተቀምጣ የማጉን ክር በቀሰም ላይ አጠነጠነችለት፤ ከልጅነቷ ወዲህ ነክታው የማታውቀውን ሥራ። በመጀመሪያው ሳምንት አላናገራትም። በሁለተኛው ሳምንት ክሩን አላልታ ስታጠነጥን እጇን ይዞ አሳያት፤ ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመሩ።

ሁለተኛው ጨርቅ መስከረም መጨረሻ ላይ አለቀ። አቶ እንድርያስ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ሚስጥርና ጉታ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ለልጅቷ ስጧት» አሉ ሽማግሌው።

ለሚስጥር ግን ሥራው አላለቀም። ያነሳቻቸውን አርባውንም ጥለቶች አንድ በአንድ ስትፈትሽ አሥራ ዘጠኙ ላይ ነጥብ አገኘች። በኮምፒውተር ማጥፋት ትችላለች፤ የስምንት ዓመት ሥራዋ ይሄው ነበር። ግን ከነጥቧ ሥር የነበረውን ክር ማን ያውቃል? ገምታ መሙላት አልፈለገችም። ስለዚህ የየቤቱን በር እንደገና እያንኳኳች፣ ተሳስቼ ነበርና ድጋሚ ላንሳው እያለች ዞረች። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ሳቀባት። አንዲት ሴትዮ ግን፣ ባለፈው ያላሳየሁሽ የአማቴ ጋቢ አለ ብላ ሌላ ሣጥን ከፈተችላት። አሁን ሌንስ የምትቀይረው ሽመና በሌለበት ክፍል ብቻ ነው፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊትም ነጭ ወረቀት አንስታ ሳታይ አንድም ጥለት አታነሳም።

በቅርቡ አሽረፍ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው ሹተር ስንት ጊዜ እንደሠራ ቆጥሮላት ነበር። ፋብሪካው ይችላል ካለው ቁጥር ካለፈ ቆይቷል፤ አንድ ቀን መሀል ሥራ ላይ ቀጥ እንደሚል ነገራት።

«አውቃለሁ» አለችው። «የሚቀይረውን ሰው አግኝቻለሁ፤ ዕቃውንም አስመጥቻለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።»