በደብረ ታቦር አያት የቆጠርኩ ዕለት

ደብረ ታቦርን ሳላያት ነው የጠላኋት። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ቤት ተቀምጦ የነገሥታት ከተማ ልጅ መሆኑን ሲነግረን ነው ያደግነው። ጣሪያው ሲያፈስ የነገሥታት ከተማ፤ አከራያችን በሩ ላይ ቆማ ስትሳደብ የነገሥታት ከተማ። «እኛ አገር ዙፋን ተተክሎ መኳንንት ደጅ ሲጠኑ፣ ይኼ የእናንተ አዲስ አበባ ጫካ ነበር» ይላል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ታዲያ ምን ቆርጦህ ትተሃት መጣህ?» ትለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ጉራውንም ከተማዋንም አንድ ላይ ጠልቼ አደግኩ።

በኋላ ኩላሊቱ ደከመ። ሐኪሙ እኔን ለብቻ ወደ ውጭ ጠርቶ «ከእንግዲህ ቤቱ ቢሆን ይሻላል» አለኝ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። ለአባቴ «ቤት እንሂድ» ስለው ግን እሱ በልቡ ያለው ቤት የእኔ ቤት አልነበረም።

«ወንድሜ ዘንድ ውሰዱኝ» አለ። «እዚያ ልተኛ። የምሞተው በተወለድኩበት ጎጆ ነው።»

ወንድሙ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአያቶቻችን በወረደው መሬት ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ሁለቱ ከተነጋገሩ ዘመን አልፏል። ስልኩን ከሰው አፈላልገን ብንደውል፣ ከአዲስ አበባ መሆኑን ሲሰማ ይዘጋዋል። ስለዚህ እኔ በአካል ሄጄ «ወንድምዎ እቤትዎ ገብቶ ይሙት ወይ?» ብዬ እንድጠይቅ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በምን አፍ እንደሚጠየቅ የነገረኝ ግን የለም። አባቴ ከአልጋው ሆኖ የመከረኝ ሌላ ነው።

«እንደደረስሽ ዘለሽ ጉዳይ አትናገሪ፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ለጉብኝት መጣሁ በይ። ከተማዋን እይ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሚ። እሱ ዘንድ ስትደርሺ አያቶችሽን ቁጠሪለት። አያቱን የሚያውቅ ሰው የሚዘጋበት በር የለም።»

አያቶቼን እስከ ሰባተኛው ድረስ አውቃለሁ። በልጅነታችን እራት ከመብላታችን በፊት ያስቆጥረን ነበር፤ የተሳሳተ ከመሶቡ ፈቀቅ ብሎ እስኪያስተካክል ይጠብቃል። እኔ በርሃብ ፍራቻ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሳሁ። ወረታ ላይ አስወርደው ፈተሹን፤ አለም በር ላይ ደግሞ አስወርደው ፈተሹን። የመጨረሻው ፈታሽ የአዲስ አበባ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ለጉብኝት።»

«የምን ጉብኝት?»

«የጥንት ዋና ከተማ አይደለች እንዴ?»

ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። በዚህ ዘመን ለጉብኝት ወደዚህ የሚመጣ ሰው ወይ ጤና የለውም ወይ ሌላ ነገር አለው። የትኛዋ እንደሆንኩ ሳይወስን ወደ መኪናው መለሰኝ። ሹፌሩ «ደግሞ ጉብኝት አለች» ብሎ ለረዳቱ ሲነግረው ሰማሁ፤ እስክንደርስ እየደጋገሙ ሳቁብኝ።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሴት ከፈታሹ ባሰች። ማን ጋ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ማንም ጋ አልኳት። «ሰው ማንም ጋ አይመጣም» አለችኝ፣ ቁልፉን እንደያዘች። ክፍሉ ውስጥ ውሃ የለም፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ብርድ ልብሱ የሌላ ሰው ሽታ አለው። የጉና ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ እግሬን ሲቆረጥመኝ አደረ። የነገሥታት ከተማ!

ጠዋት እንደተመከርኩት ጉብኝቴን ጀመርኩ። ዳገቱን ወጥቼ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምኩ። በመልሴ ዛፎቹን በስልኬ ፎቶ እንዳነሳሁ ከመንገድ ማዶ ካለ ሱቅ አንድ ጎረምሳ እየጮኸ መጣ። ስልኬን እንዳስገባ አዘዘኝ፤ ማን እንደላከኝም ጠየቀኝ። ዛፍ ነው ያነሳሁት ብዬ ብነግረው «የኛ ዛፍ ምንሽ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ምኔም አይደለም። ፎቶውን በፊቱ አጠፋሁለት።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሲያዩ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ሰላም አልኳቸውና ቤተ መንግሥቱ የት እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«የማን?» አሉኝ።

«የነገሥታቱ።»

«እሱማ ብዙ ነው። አንዱ ሲነሳ አንዱ ሲሰፍር።» በበትራቸው ከታች ያለውን ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ በሙሉ ጠቆሙልኝ። «የሚበዛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲነሳ ነቅለው፣ ጭነው፣ ይዘውት ይሄዳሉ። ምን ልታዪ ነው የመጣሽ?»

እንደዚያን ጊዜ በአባቴ ተናድጄ አላውቅም። ዕድሜ ልኩን የደነፋብን በድንኳን ኖሯል፤ እሱም ተነቅሎ በሄደ ድንኳን። ሽማግሌውን አመስግኜ ወረድኩ። ባጃጅ ይዤም ወደ አጎቴ ሄድኩ፤ ጉብኝቴ በቃኝ።

የባጃጁ ልጅ አስፋልቱ ላይ ጥሎኝ ተመለሰ። ከመንገዱ በታች ገብስና ድንች አለ። ገብሱ መሃል ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በተርታ ቆመዋል። የከተማው ክልል እየሰፋ ነው፤ ቀያሾች መጥተው ተክለዋቸው ሄደዋል፤ ችካል ለተተከለበት መሬት ባለይዞታው ካሳ ያገኛል። ያኔ ግን ይህን አላሰብኩትም፤ ልብ ብዬ ባየው ኖሮ አፌን ይዤ እመለስ ነበር።

ሦስት ሰዎች የፈረሰ የድንጋይ አጥር ይክባሉ። አጎቴን የሚያሳየኝ አላስፈለገኝም፤ አባቴ ጤነኛ ሆኖ ቆሞ ነበር። ያው ግንባር፣ ያው ጆሮ፣ ግን ደንዳና ክንድ። ድንጋዩን በአንድ እጁ ሲያነሳ አየሁና ቅናት ይሁን ንዴት ሳይለይልኝ ወደ እነሱ ተጠጋሁ። በዚያ ቀን በአፌ አንቱ ስለው ነው የዋልኩት፤ ዕድሜውም ነው፣ አገሩም ነው። እዚህ ላይ ግን አንተ ብዬ ነው የምጽፈው። አንቱታዬን እዚያው ደጁ ላይ ትቼለት መጥቻለሁ።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ።

«እግዚሐር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቀጥ ብዬ ቆምኩና ከአባቴ ጀምሬ ቆጠርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ሰባተኛው አያት ላይ ስደርስ ሦስቱም ሥራ አቁመው ያዩኝ ነበር። አጎቴ ድንጋዩን እንደያዘ ወደ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«ሰማችሁልኝ?» አላቸው።

«ሰምተናል» አሉ ሁለቱም።

በእኔ ኮራ ብዬ ፈገግ አልኩ። የአዲስ አበባ ልጅ እስከ ሰባት ስትቆጥር ደነቃቸው ብዬ።

«እንግዲህ» አለኝ አጎቴ፣ «በሽማግሌ ነው በፍርድ ቤት?»

«ምኑ?»

«ድርሻሽ ነዋ።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቅ ብሎ «ይኸው ይችም ቆጠረች!» አለ። በዓመቱ ውስጥ አንዱ ከመተማ፣ አንዷ ከወልቂጤ መጥተው እዚሁ ደጅ ላይ እንዲሁ ቆጥረው ኖሯል። በዚህ አገር አያት የሚቆጠረው ለዝምድና መስሎኝ ነበር። ሰው በባለይዞታው ደጅ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የዘር ሐረጉን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ከቆጠረ፣ መሬት ጠየቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ሰላም ልላችሁ ነው የመጣሁ» ቢል የሚሰማው የለም። ሕጉ ድሮ ቀረ፤ ሰዉ ግን አልረሳውም። ችካል ከተተከለ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ አልረሳውም።

አባቴን ረገምኩት። በራብ ያስጠናኝ ክስ ነበር።

«አንቱ፣ እኔ መሬት ፈልጌ አልመጣሁም» አልኩት።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላሉ። አንቺ ደግሞ ገና ነሽ፤ ሺህም አልሞላሽ።»

«አባቴ ታሟል። ሐኪም በቃ ብሎታል። እቤትዎ ገብቼ ልሙት ነው የሚለው። ሌላ የሚፈልገው የለም።»

አጎቴ ድንጋዩን ካቡ ላይ አስቀመጠና እጁን በቁምጣው ጠረገ። ሚስቱን ጠርቶ ለእንግዳ የሚቀመስ እንድታመጣ አዘዘ፤ እሷም የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። አልበላም ልል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል ስላልቀመስኩ በላሁ። ያን ያህል ተናድጄ ያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ በራሴም አፈርኩ።

እየበላሁ ተናገረ። ያረጁትን እናትና አባታቸውን የጦረ እሱ ብቻ ነው። የቀበራቸውም እሱ ነው። አባቴ ለሁለቱም ቀብር አልመጣም፤ መልእክት ተልኮበት አልመጣም። «ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር» አለ። «ዛሬ ችካል ሲተከል ልጁ ኬላውን ሁሉ ጥሳ መጣች።»

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ለምን እንዳልሄደ እስከ ዛሬም አልነገረኝም። የቤት ኪራይ ያልተከፈለበት ወር ይሆናል፤ ጉረኛ ሰው ባዶ እጁን አገሩ አይገባም። ይህን ለአጎቴ ላስረዳው ሞከርኩ። «ወንድም ባዶ እጁን ይመጣል» አለኝ።

«እፈርምልዎታለሁ» አልኩት በመጨረሻ። «በምስክር ፊት። ምንም አልጠይቅም ብዬ።»

«አንቺ ብትፈርሚ ወንድምሽ አለ። ወንድምሽ ቢፈርም ልጁ አለ። ልጄ፣ ስሚኝ። እሱ በቁሙ ከመጣ እዚህ ቤት ይተኛል። እዚህ ከተኛ አገሩ ሊጠይቀው ይመጣል፤ ባለቤቱ ገባ ይባላል። ገብቶ የሞተ ሰው ልጆቹን ተክሎ ነው የሚሞት።»

«እና ሜዳ ላይ ይሙት?»

ጮኼ ኖሯል፤ ውሾቹ ተነሱ። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አጎቴ ግን አልተቆጣም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ያም አናደደኝ፤ ጨክኖ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ሲሞት አምጡት» አለ። «መቃብሩን ከአባታችን ጎን እኔ አስቆፍራለሁ። ፍትሐቱን፣ ተዝካሩን እኔ አወጣለሁ፤ ከእናንተ አምስት ሳንቲም አልሻም። አለቅስለታለሁም፤ ወንድሜ ነው። ሬሳ ግን አጥንት አይቆጥርም።»

«ይኼ የወንድም ቃል ነው» አለ አንደኛው ጎረቤት። ሌላኛውም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፤ ታላቅ ደግነት ሲደረግልኝ ያዩ ነው የሚመስሉት። ሳልሰናበታቸው ተነስቼ ሄድኩ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከገሳይ በኩል የሚመጣ መኪና ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነበር፤ ለአባታችን አቀበለው።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ደህና ነው? አርጅቷል?»

«ካንተ ይሻላል።»

ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅኩት። ሁሉንም ልነግረው ቆርጬ ነበር፤ ድንኳኑንም፣ ካቡንም፣ ሬሳውንም። ዳገት ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ።

«እህስ? ምን አለ?»

«ይምጣ አለ» አልኩት።

ስልኩን ከአፉ አራቀና ለወንድሜ ሲነግረው ሰማሁ። «ይምጣ አለ! ሰማህ? ነጭ ጋቢዬን አጥባችሁ አስቀምጡልኝ።» ብዙ ጊዜ ቁልቁል ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«መቼ ልምጣ አለ?»

ከገሳይ በኩል የመጣው መኪና ሞልቶ አለፈኝ።

«አይቸኩል ብሏል» አልኩት።

«እሱ ድሮም እንዲህ ነው» አለ አባቴ እያለቀሰ። «ለኔ ሲሆን አንጀቱ አይችልም።»