የእማዬ የኮሪያ ፓስታ

የሰሊጥ ዘይት ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው በምግብ ጠረን እናቱን ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ይባላል። እኔም አስታውሳለሁ፣ ግን ተናድጄ ነው የማስታውሳት። መጥበሻው እሳት ላይ ነው፤ እስኪሞቅ ልንገርህ።

ያኔ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነበርን። እናቴ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት የአንዲት ኮሪያዊት ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ሴትዮዋ ጃፕቼ የሚባለውን የበዓል ምግባቸውን አስተማረቻት። ከስኳር ድንች የሚሠራ ኑድል ነው፤ ሲቀቀል እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። ካሮቱ ለብቻ፣ ስፒናቹ ለብቻ፣ እንጉዳዩ ለብቻ፣ ሥጋው ለብቻ ይሠራና መጨረሻ ላይ ከኑድሉ ጋር በነጭ ሽንኩርት፣ በሶይ ሶስና በሰሊጥ ዘይት ይደባለቃል። እናቴ አንድ ገና ዌስተርቪል የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እህት ቤት ይዛው ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ያለሱ በዓል ቀረ። ዶሮው የአክስቴ፣ "የኮሪያው ፓስታ" የእናቴ። በአባቴ ዘመዶች መሃል ስሟ በደህና የሚነሳው በዚህ ብቻ ነበር፣ እሷም ይህንን አሳምራ ታውቀዋለች።

እንዴት እንደምትሠራው ግን አትናገርም። የገናው የሚሠራው በዋዜማው፣ ጋድ ዕለት ነው፣ የፋሲካው ቅዳሜ። ሥጋ አለው፣ እሷ ጾም ላይ ናት፣ ስለዚህ አትቀምስም። እንደኛ አገር ሴቶች ሁሉ በአፍንጫዋ ነው የምትለካው። እኔ ልጽፈው ስልኬን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ።

"ሶይ ሶሱ ስንት ማንኪያ ነው?"

"እስኪሸት።"

"ምን እስኪሸት?"

"ሲደርስ ታውቂዋለሽ።"

እኔ ደግሞ በካፕ ያልተለካ ነገር አይገባኝም። ኤዲያ ብዬ ስልኬን ዘግቼ እወጣ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ኮሮና ያዛት። ተኝታ ተኝታ ተነሣች፤ ሬስቶራንቱ ተዘግቶ ስለነበር ዌርሃውስ ዕቃ ማሸግ ጀመረች። በዚያው ገና ፓስታው ነጭ ሽንኩርቱ አሮ መጣ። ሰው ዝም ብሎ በላ። በፋሲካው ደግሞ የሰሊጥ ዘይቱ ከመብዛቱ የተነሣ ጉሮሮ ይይዝ ነበር፣ የአክስቴ ልጆች አንዴ ጎርሰው ሳህናቸውን ገፉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ እየነዳ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ፈነዳሁባት።

"ኢትስ ኢምባራሲንግ፣ እማዬ፣ ያሳፍራል። ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዴት እንዲህ ያበላሻል?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች "ደክሞኝ ነው" አለች።

በሚቀጥለው ገና ዋዜማ ሳምንት አክስቴ ኮል አደረገች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። "ዘንድሮ እንዳትደክሚ፣ ካተሪንግ ኦርደር አደርጋለሁ" አለቻት። እናቴ ሳቅ ብላ "ኧረ እትዬ፣ ምን ያደክማል፣ ይዤ እመጣለሁ" አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አንዲት ማንኪያ ስታጥብ፣ ስታጥብ ቆየች። "ይሄኛው ከተበላሸ ሁለተኛ አልሠራም" አለች።

እኔ ያኔ ፖላሪስ ሞል ውስጥ፣ ሽቶና ሻማ የሚሸጥበት ሱቅ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከሥራ ስገባ፣ ገና በሩን ሳልዘጋ፣ "ጃኬትሽን በረንዳ ላይ ስቀይው፣ ራሴን አመመኝ" ትለኛለች። በየቀኑ። እንዴት እንደሚያናድደኝ አልነግርህም። በኋላ ተወችው፣ እኔም በቃ አደግሁ፣ ተከበርኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ጋድ ዕለት ከሰዓት ሱቁ ውስጥ የቫኒላ ሽቶ ተሰብሮብኝ ጃኬቴ ርሶ ቤት ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ "ዩ ስቲንክ" አለኝና ክፍሉ ገባ። እናቴ ምድጃው ጋ ነበረች። ለጭሱ ብላ መስኮቱን ከፍታዋለች፣ ብርዱ ይገባል።

"በረደኝ፣ እስኪ ጃኬትሽን አምጪው" አለችና ያንን ጃኬት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ኮሌታውን አገጯ ድረስ ሳበችው።

ቆሜ አየኋት። ነጭ ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ መጥቆር ጀምሯል። እሷ መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ደግማ ታሸታለች።

"እማዬ፣ አይሸትሽም?"

መጥበሻውን ከእሳቱ አነሣችው። "ከኮሮናው ወዲህ" አለች። "ለአክስትሽ እንዳትነግሪ።"

አቀፍኳት ብልህ ደስ ባለኝ። ተናደድኩባት። መናደድ የነበረብኝ በራሴ ነው፣ ግን አጠገቤ ያለችው እሷ ነበረች። "ታዲያ ለምን አትቀምሺውም?" ብዬ ጮህኩ።

"በጋድ ሥጋ ልቅመስ? ብቀምስስ፣ ሁሉም ካርቶን ካርቶን ነው የሚለኝ።"

ያረረውን ደፍተን እንደገና ጀመርን። ጃኬቴን ከትከሻዋ አውርጄ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩ። "ነጭ ሽንኩርቱ ጥሬ ጥሬ ማለቱን ሲተው ንገሪኝ" አለች፤ ነገርኳት። "ሶይ ሶሱ ከስኳሩ ጋር የተጠበሰ ማር ሲመስል" አለች፤ ነገርኳት። ለካ በቃል መናገር ትችል ነበር። የሰሊጥ ዘይቱን ስታንጠባጥብ "ይሄ ሲበቃው የሚሸተው እንደ..." አለችና ቆመች። ጠርሙሱን ይዛ ግድግዳውን አየች። "ጠፋኝ" አለች።

ከዚያ "ደረሰ?" ብላ ጠየቀችኝ።

የድሮው ምን እንደሚሸት እኔ መቼ አሽትቼው አውቃለሁ። "ደርሷል" አልኳት።

በማግስቱ ዌስተርቪል ትሪው ባዶ ሆነ። አክስቴ "እጅሽ ተመለሰ" አለቻት። እናቴ ሳህኗ ላይ የቀረችውን ትንሽ ኑድል ቀስ ብላ አኘከችና ወደ እኔ ተጠጋች። "እንደ ድሮው ነው?" አለችኝ በጆሮዬ።

"እንደ ድሮው ነው" አልኩ።

ይኸው ዛሬም ጋድ ነው፣ እሷ ሳሎን ተቀምጣለች፣ ቤቱ ደግሞ የእኔ ነው። "አፍንጫዬ ትንሽ ትንሽ ተመልሷል" ትላለች፣ እኔ አላምናትም። የሽቶውን ሱቅ ከተውኩ ቆየሁ፣ ጃኬቴ ምንም አይሸትም። ግን ከሥራ ስገባ በረንዳ ላይ ሰቅዬው ነው የምገባው፣ ማንም ሳይለኝ። ቅድም አየችውና "ይሄ ጃኬት ምን ሆኖ ነው ውጭ የተሰቀለው?" አለችኝ።

"ይሸታል" አልኳት።

"እውነትሽን ነው" አለች፤ "እኔንም ሸቶኛል።"