ደረጃ አሥራ አምስት እስክደርስ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በቆቦ ዙሪያ ላሉ የመስኖ ማሳዎች የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሥራውን የተማርኩት የተበላሸ ሞተር እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችን፣ አራተኛዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ሴት ልጃችን። አምስተኛው ዋጃ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም፣ የልጆቼ አጎት ነው። የማናችንንም ስም አልጽፍም። የሚያውቀን ያውቀናል፤ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም።

ጨዋታው የስልክ ጨዋታ ነው። ሁለት ሽክርክሪቶች አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይለቀቃሉ፤ እየተሽከረከሩ ይጋጫሉ፤ ቀድሞ የቆመው ወይም ከሳህኑ ተፈናጥሮ የወጣው ይሸነፋል። ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። ልጄ ይህን ሲጫወት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። «እኔ ፓምፕ አሽከርክሬ ነው የማበላህ፤ አንተ ምን አሽከርክረህ ልትበላ ነው?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ንቀት እቆጥረው ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጎብዬ ላይ ሥራ ስለነበረኝ፣ ውኃውን ከገንዳ ወደ ማሳ የሚገፋውን ፓምፕ እንዲጠብቅ ልጄን ትቼው ሄድኩ። የውኃ ተራው የአንድ ገበሬ ነበር፤ ሽንኩርቱ ውኃ ከጠማው ሰንብቷል። ስመለስ ሞተሩ ተቃጥሎ ይጨሳል። ገበሬውና የውኃ ኮሚቴው ሰዎች ከበው ቆመዋል፤ ልጄ ስልኩን እንደያዘ መሀላቸው ነው።

«ምን ስትሠራ ነበር?»

«አባ፣ ድንገት ነው፤ አንዴ ጮኸና...»

«ምን ስትሠራ ነበር አልኩህ!»

«እየተጫወትኩ ነበር።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ መታሁት። «ሂድ፣ ዓይንህን እንዳላየው!» አልኩት። ሄደ።

እኛ አገር አባቱን ያስቆጣ ልጅ የሚሄድበት የታወቀ ነው። ወደ እናቱ ወንድም ይሄዳል። አጎትየው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ይቆጣዋል፤ ነገሩ ሲበርድ ሁለት ሽማግሌ ጨምሮ ይዞት ይመጣል። እስከዚያ ድረስ አባት ልጁን አይጠይቅም። ከጠየቀ ልጁን እንደለመነ ይቆጠራል፤ አጎትየውንም እንዳላመነው ነው። እኔም በዚህ ወግ ያደግሁ ነኝ፤ በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አጎቴ ቤት ከርሜ በሽማግሌ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ልጄ ዋጃ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። እህቱ ደውላ ስልኩ ዝግ ነው ስትለኝም አላስደነቀኝም፤ የተቆጣ ልጅ ስልክ ይዘጋል።

ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን «ወንድሜ ጋ ልደውል» አለችኝ።

«እንዳትደውይ። ደወልሽ ማለት እኔ ተሸነፍኩ ማለት ነው።»

«ከልጅህ ጋር ነው እንዴ ውድድሩ?»

መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። እሷም አልደወለችም። ከዚያ በኋላ ምግብ ስታቀርብልኝ ፊቴን አታየኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩን ፈታሁት። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈጭቶ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። ይህ በአንድ ከሰዓት የመጣ ብልሽት አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት ያንን ኩሽኔታ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ መቶ ብር አውጥቼ አዲስ መግዛት ሲገባኝ፣ ከአንድ አሮጌ ሞተር ያወጣሁትን አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ «ይህን በጋ ያሻግራል» ብዬ አስገባሁት። ልጄ ዓይኑን ከሞተሩ ሳይነቅል ቢቀመጥ ኖሮ ጩኸቱን ሰምቶ ቶሎ ያጠፋው ይሆናል። ኩሽኔታው ግን መጣበቁ አይቀርም ነበር። ይህን ባየሁበት ሰዓት ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁት። ሰው ጥፋቱን ለማመን ቀጠሮ ከያዘ ከጥፋቱ ሌላ ጥፋት እየጨመረ ነው። አሁን ይህን ለመጻፍ አልቸገርም፤ ያኔ ግን አላወቅሁትም።

በስምንተኛው ቀን አጎትየው ለገበያ ቆቦ መጣ። ብቻውን ነበር። ከበሩ ላይ ሰላምታ እንደጨረሰ እየሳቀ፣ «ያ ጎረምሳ የት ጠፋ? አጎቱን ረሳ እንዴ፣ ወር ሊሞላው ነው ድምፁን ከሰማሁ» አለ።

ባለቤቴ የያዘችው ጆግ ከእጇ ወደቀ። «አንተ ጋ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የልጄን ጓደኛ ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁ። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ ልጄ በመታሁት ማግሥት ቅዳሜ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በወልድያ አድርጎ ወደ አፋር እንደሄደ ነገረኝ። ደላላ አለ፤ ከሎጊያ በመኪና ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። በዚህ መንገድ ሄደው የተመለሱም፣ ያልተመለሱም፣ ተይዘው ቤተሰባቸው ገንዘብ ላክ የተባለባቸውም በሰፈራችን አሉ። ያለሁበት ቦታ ሁሉ ጠበበኝ።

መላውን ያመጣችው ሴት ልጄ ናት። ስልኬን ተቀብላ ያንን ጨዋታ ጫነችበትና የወንድሟን የጨዋታ ስም ጽፋ ፈለገች። ስሙ ወጣ። ከሥሩ አንድ መስመር ነበር፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው ከሦስት ሰዓት በፊት።

«አባ፣ አለ! ሲሙን አውጥቶት ነው እንጂ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ነው ያለው። ገና አልተሻገረም።»

«በይ ጻፊለት!»

«አይቻልም። መልእክት መላክ የሚችለው ደረጃ አሥራ አምስት የደረሰ ብቻ ነው። እኛ ደረጃ አንድ ነን።»

ከሰፈሩ ልጆች ደረጃ አሥራ አምስት ያለፈውን ፈልጌ ስልክህን አውሰኝ ማለት እችል ነበር። ይህን ያላደረግሁት አፍሬ ነው። ልጁን በሰው ፊት የመታ ሰው፣ ልጁ እንደጠፋበት በሰው ፊት ለመናገር አፈረ። የደላላው ወሬ አቀባይ ማን እንደሆነም አላውቅም ነበር፤ ይህ ምክንያት እውነት ቢሆንም የመጣልኝ ግን ከሐፍረቱ በኋላ ነው።

አጎትየው በነጋታው ወደ ሎጊያ ተነሳ። ሎጊያ ግን ትልቅ ከተማ ነው፤ ደላላ የደበቀውን ልጅ በየትኛው ግቢ ይፈልገዋል? ልጁ ራሱ ካልተናገረ አይገኝም። ስለዚህ ደረጃ መውጣት ነበረብን። ጠዋት ልጄ ትምህርት ቤት ስትሆን እኔ እጫወታለሁ፤ ከሰዓት እሷ ትቀበለኛለች። የጥገና ሥራዬን አቆምኩ።

የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ተሸነፍኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባ፣ የያዝከው መፍቻ አይደለም፤ ስልክ ነው! ቀስ በል» ትለኛለች። ማንም በዚህ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ሰማኋት።

ለጀማሪ የሚሆን ነገር ካለ እነሆ፣ እኛ ቤት በጭንቀት የተማርነው። መጀመሪያ የምታገኘውን ነጥብ በብዙ ሽክርክሪት ላይ አትበትነው። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የቀይ፣ የወርቅ፣ የእባብ ቅርጽ ያለው ሁሉ ያምራቸዋል። አንዱን ያዝና እሱን ብቻ አጠንክር። እኛ የመረጥነው ዝቅ ያለና ከባድ፣ መልኩ የማያምር ግራጫ ነበር። ባላጋራህ በኃይል የሚመታ ሲሆን አትሩጥበት፤ መሀል ላይ ቁም፣ ራሱ እየመታህ ይደክማል። በየቀኑ የሚሰጡትን ትናንሽ ሥራዎች፣ ሦስት ጊዜ አሸንፍ፣ አንድ ጊዜ ልምምድ ግባ የሚሉትን፣ ሳትጨርስ አትተው፤ ከትልቁ ፍልሚያ ይልቅ ደረጃ የሚያስወጣው የእነሱ ነጥብ ነው። ከአቅምህ በላይ ካለ ጋር እልህ አትጋባ። እልህ እኔን በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ አሸንፎኛል።

ሽክርክሪት ሊቆም ሲል ደግሞ ጫፉ መወላወል ይጀምራል። ሳይወድቅ አስቀድሞ ይነግርሃል። ያንን ባየሁ ቁጥር ፓምፑ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ከመቃጠሉ በፊት ለሁለት ሳምንት ዘንጉ ይወላውል ነበር። ልጄም አንድ ቀን፣ «አባ፣ ይሄ ነገር ድምፁ ደስ አላለኝም» ብሎኝ ነበር። «ሥራህን ሥራ» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን ደረጃ ሰባት ደረስን። ዳታው ሲጠፋ ስልኩን ይዤ ግቢው ውስጥ እንደ እብድ እዞራለሁ። ከየፍልሚያው በኋላ የወንድ ልጄን ስም እከፍታለሁ፦ ከአራት ሰዓት በፊት። ከአንድ ሰዓት በፊት። ባለቤቴ ከጓዳ፣ «ስንት ይላል?» ትላለች፤ ከስምንት ቀን ዝምታ በኋላ የምታናግረኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስመሩ ከአሥራ ስድስት ሰዓት በፊት አለ። ቀትር ላይ ከሃያ አንድ ሰዓት በፊት። ባለቤቴ መጠየቋን ተወች፤ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ጨዋታው ነጥብ በገንዘብ ይሸጣል። ልጄ ይህን ሲገዛ ባገኘው እንደምገርፈው ስንት ጊዜ ዝቻለሁ። በዚያ ቀን ከደረጃ አሥራ አንድ ወደ አሥራ ሦስት የወጣሁት በሞባይል ካርድ ገዝቼ ነው። ለጀማሪ፣ አትግዛ እላለሁ። እኔ ገዝቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃ አሥራ አምስት ገባሁ። ስሙን ስከፍት አንድ አረንጓዴ ነጥብ አጠገቡ በርቷል። አሁን ጨዋታው ላይ አለ ማለት ነው። ቸኩዬ የመልእክቱን ሳይሆን የፍልሚያውን ቦታ ነካሁ። ልጄም ግብዣውን ተቀበለ። ግራጫውን ሽክርክሪቴን በደመ ነፍስ ቶሎ ለቀቅሁት፤ በአንድ ምት ከሳህኑ አወጣው። ወዲያው ከእሱ ዘንድ ጽሑፍ መጣ፦

«ወንድም፣ ጀማሪ ነህ አይደል? ቶሎ አትልቀቅ። መጀመሪያ ይረጋጋ።»

ይህ የእኔ ቃል ነው። ፓምፕ ሲነሳ ቫልቩን ወዲያው እንዳይከፍት ትንሽ ሳለ ያስተማርኩት፣ «ቶሎ አትልቀቅ፣ መጀመሪያ ይረጋጋ» ብዬ ነው። ለማያውቀው ሰው በትሕትና ሰጠው። ለእኔ እንዲህ አድርጎ የሚናገርበት ቦታ ትቼለት አላውቅም።

«ባስቸኳይ ተመለስ» ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ እጄን ያዘችው። «አባ፣ በአላህ! ይሄን ካየ ስልኩን ያጠፋዋል።»

ደመሰስኩት። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አባትህ ነኝ። ሞተሩን ፈትቼዋለሁ። የተጣበቀው ኩሽኔታው ነው። አሮጌውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስትነግረኝም አልሰማሁህም። ብትጠብቀው ጥሩ ነበር፤ የተቃጠለው ግን በእኔ ነው።»

«ብትጠብቀው ጥሩ ነበር» የሚለውን ልጄ አውጣው ብላኝ ነበር። አላወጣሁትም። ጥፋቱን ሁሉ የእኔ ብል ውሸት ይሆናል ብዬ ነው።

አረንጓዴው ነጥብ እንደበራ ነው፤ መልስ ግን የለም። ባለቤቴ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች። በመጨረሻ መጣ፦

«አባ፣ ደረጃ 15 እንዴት ደረስክ?»

ልጄ እያለቀሰች ሳቀች። «እህትህ አስተማረችኝ» ብዬ መለስኩ።

«በስንት ቀን?»

«በአራት።»

«እኔ ወር ፈጅቶብኛል።» ቀጥሎም፣ «መኪናው ነገ ነው ተባልን። ብሩን ከፍያለሁ» አለ።

«ብሩ ይቅር። አጎትህ ሎጊያ ነው፤ ሦስት ቀን ሊሆነው ነው ሲፈልግህ። ያለህበትን ንገረኝ።»

ከአንድ መስጊድ ጀርባ ያለ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ነበር። ለአጎቱ ደወልኩ። አመሻሹ ላይ አጎትየው ደውሎ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው አጠገቤ ሻይ ይጠጣል። ከስቷል እንጂ ደህና ነው» አለ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው።

በቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም። አጎትየው ዋጃ ወስዶ ሁለት ቀን አሳደረውና ሁለት ሽማግሌ ጨምሮ ይዞት መጣ፤ ወጉ እንዲያ ነው። እኔ ግን ገበሬውንና የኮሚቴውን ሰዎች አስጠርቼ ነበር። ልጄን በመታሁባቸው ሰዎች ፊት፣ በዚያው ፓምፕ አጠገብ፣ የተፈጨውን ኩሽኔታ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ማን እንደገጠመውም ነገርኳቸው። ልጄ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ታዲያ ጥፊው የማን ነበር?» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ወጪው ተደምሮ እንዲነገር ስላሉ ልጄ በስልኩ ደመረው። የሞተሩን የተቃጠለ ሽቦ እንደገና ማስጠቅለያ አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ፤ ውኃ ተራው ላመለጠው ገበሬ የሽንኩርት ካሣ ዘጠኝ ሺህ፤ ልጄ በቀን ሥራ አጠራቅሞ ለደላላው የሰጠውና ያልተመለሰው አሥራ አምስት ሺህ፤ የአጎቱ መንገድና ምግብ ስድስት ሺህ አራት መቶ፤ እኔ በካርድ የገዛሁት የጨዋታ ነጥብ ሦስት መቶ ሃምሳ። ሁላችንንም ያስወጣን አርባ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው።