የካትሌሆንጉ ግቢ ዐሥር ችካሎች

ያንን ግቢ እንደጠላሁት ነው የኖርኩበት። ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የምንላትን ትንሽ ሱቅ የከፈትነው በአንዲት አሮጊት ጓሮ ነበር። ጓሮው ዘቅዛቃ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር የመንገዱ ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ የመኝታ ክፍላችንን ግድግዳ ሥር ሥሩን ይልሰዋል። ከዚያ ግድግዳ ጥግ የሚተኛው ሸሪኬ ነው፤ ከሆሳዕና የመጣ ጸሎተኛ ሰው።

አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ ይላታል፤ እኛም ጎጎ እንላታለን። በእንግሊዝኛ ስለምንነጋገር አንቱ ከማለት ተርፌአለሁ። ውሃውን በድንጋይ እንመልሰው ስላት፣ «ማይፍሬንድ፣ ይህን ግድግዳ የሠራው ባሌ ነው» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እዚህ አገር የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይፍሬንድ ነው። ወዳጅነቱ ግን ከአፍ አያልፍም።

እኔ አገሬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ለሥልጠና አይስላንድ ድረስ ተልኬአለሁ። እዚያ አፈሩን የሚዘርፈው ከውሃው ይልቅ ነፋሱ ነው፤ ጥቁርና ቀላል አፈር ነው፣ በግ ሣሩን ከጋጠው በኋላ የሚይዘው የለም። አስተማሪያችን ኮስታራ ሴት ነበረች። ብረት እስከ አናቱ መሬት ውስጥ ታስተክለናለች፤ ከወራት በኋላ ተመልሰን በደረታችን ተኝተን፣ ከአፈሩ በላይ ብቅ ያለውን በማስመሪያ እንለካለን። ብረቱ የወጣውን ያህል አፈሩ ሄዷል ማለት ነው። «ዓይናችሁን አትመኑ፣ ብረቱን እመኑ» ትለን ነበር። የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ለማን እንደማሳየው እንጃ።

ለጎጎ በልኬት ላሳያት ቆረጥኩ። ዕቃ ልገዛ ጀፕስታውን በሄድኩበት ፌሮ ዐሥር ቦታ አስቆርጬ መጣሁና ከግድግዳው ሥር እስከ አናታቸው ቀበርኳቸው። ጎጎ ስቀብር አየችኝ። «ግቢዬን ለማን ነው የምትሸነሽነው? ሁለተኛ ብረት ባይ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ» አለች። የሸሪኬም ፊት ጠቆረ። የአባቱን እርሻ የወሰዱባቸው እንዲሁ ችካል ተክለው ነው። «ወንድሜ፣ ችካል የተተከለበት መሬት ላይ ሰው አይከርምም» አለኝ። ሳቅኩበት።

ዝናቡ ገባ። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ማስመሪያዬን ይዤ እንበረከካለሁ፤ ዐሥሩም ብረቶች ከአፈሩ እኩል ናቸው። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አፈሩ ራሱ ለጎጎ ያደላ መሰለኝ። እያደር ግን አመንኩ። በሙያዬ ነው የለካሁት፣ ማን ሊከራከረኝ?

አንድ ቀን ጎጎ ራሷ ሱቁ መስኮት ላይ መጣች። «ማይፍሬንድ፣ ግድግዳው ያዘነበለ መሰለኝ። ያን ያልከውን ድንጋይ አምጣ።» ስንት ጊዜ የለመንኩትን ነገር ከእሷ አፍ ስሰማው ደሜ ፈላ። «አፈሩ ንቅንቅ አላለም፣ ለክቻለሁ» አልኳት ደንበኞቹ እየሰሙ። «ደግሞስ የባልሽ ግድግዳ አይደለም?»

«ዓይን የለህም?» አለችኝና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄደች።

ግድግዳው የወደቀው በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ሸሪኬ ከቸርች ተመልሶ ጋደም ብሎ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ መሠረቱ ቁጭ አለ፣ የላይኛው ብሎኬትም ወደ ውስጥ ተናደ። ጎጎ በባዶ እጇ ብሎኬት ስታነሳ ጥፍሯ ደማ። እግሩን ስናወጣው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አምቡላንሱን ስንጠብቅ እያቃሰተ ነገረኝ። «እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያባራ ብረቶቹ ብቅ ይላሉ። ጎጎ አይታ እንዳታስወጣን ብዬ፣ አንተ ሳታይ በመዶሻ መልሼ እመታቸው ነበር።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ጭቃ ላይ በተኛ፣ እግሩ በተሰበረ ሰው ላይ ጮህኩበት። ጎጎ በዙሉኛ ምን እንዳለችኝ አላውቅም፣ ግን ስድብ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሸሪኬ አሁን ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ነው የሚኖረው፣ ያነክሳል። በየበዓሉ ይደውልልኛል። «ወንድሜ፣ ያ መዶሻ ሁለታችንንም ጎዳን፣ ይቅር በለኝ» ይለኛል። «ይቅር ብያለሁ» እለዋለሁ፣ ስልኩንም ቶሎ እዘጋለሁ።

ሱቁ መስኮት ላይ ከጎጎ ጋር በተጣላሁ ማግስት ልለካ ወርጄ ነበር። ብረቶቹ እንደ ወትሮው ከአፈሩ እኩል ናቸው። ከመሠረቱ ሥር ግን ጨለማ አየሁ። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ፣ ምንም አልነካም። ድንጋይ ባመጣ ጎጎ ደንበኞቹ ፊት ልትስቅብኝ ነው። እጄን አወጣሁ፣ ጭቃውን ታጠብኩና ሱቅ ገባሁ።